የማሞቂያ ክፍል ጽዳትና የሰብለ ልጅ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ሱሪው ረዝሞብኝ ነበር። ከልብስ ማከፋፈያው የሰጡኝን ነጭ ሱሪ ከታች ጠቅልዬ፣ ዓይኔን ጫማዬ ላይ ተክዬ፣ ዙሪክ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል በር ላይ ቆምኩ። የጽዳት ኃላፊዋ ድሪታ መጣች። ድሪታ በወጣትነቷ ከኮሶቮ የመጣች፣ ድምፀ ወፍራም፣ ፈርጠም ያለች ሴት ናት።

«ስምሽ?»

«መሠረት።»

«ምን?»

«መሠረት» አልኩ፤ ከመጀመሪያው ያነሰ ድምፅ ወጣኝ።

«ሜሲ ይበቃል» አለች። በዚያው ሜሲ ሆኜ ቀረሁ። «ስታወሪ ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ጥሩ። እዚህ የሚተኙት ሰዎች ክንዴን አያህሉም፤ ጫጫታ አይወዱም። ካንቺ በፊት የነበረችው ታፏጭ ነበር። አንቺን ፈጣሪ ነው የላከልኝ።»

ዓይናፋርነቴ ሲመሰገን ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። አገሬ እስከ ስድስተኛ ክፍል ስማር መልሱን እያወቅሁም እጄን አላወጣም ነበር። አስተማሪዎቼ ደካማ ተማሪ ነች ብለው ተዉኝ፤ እኔም ትምህርቱን ተውኩት።

ድሪታ ያን ቀን ያስተማረችኝን እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ። ጨርቆቹ በቀለም ይለያሉ፤ ቀዩ ለሽንት ቤት፣ ቢጫው ለመታጠቢያ ገንዳ፣ ሰማያዊው ለጠረጴዛና ለመስኮት ደፍ ነው። ጨርቁ ታጥፎ ታጥፎ እንደ መጽሐፍ ይያዛል። አንዱ ገጽ ሲቆሽሽ ይገለበጣል፤ ገጾቹ ሲያልቁ ወደሚታጠበው ከረጢት ይገባል እንጂ ባልዲው ውስጥ ተመልሶ አይነከርም። ከንጹሕ ወደ ቆሻሻ፣ ከላይ ወደ ታች ይጠረጋል። ወለሉ ከጥግ ተጀምሮ ወደ በሩ ይወለወላል። የቆሻሻ መጣያው ክዳን በእግር ተከፍቶ በእጅ ቀስ ተብሎ ይዘጋል። ሕፃናቱ የሚተኙበት የመስታወት ሣጥን ማሞቂያ ይባላል፤ በላዩ ምንም ነገር አይቀመጥም፤ እኛ ኮት ብንጥልበት ውስጥ ላለው ሕፃን ጣሪያው እንደተመታ ነው።

«ደግሞ አንድ ነገር» አለችኝ ስንወጣ። «ከዚህ ክፍል ቆሻሻ ይዘሽ ትወጫለሽ። ወሬ ይዘሽ አትወጪም።»

ሥራውን ያገኘሁት በእትዬ አስቴር በኩል ነው። እትዬ አስቴር ከአዲስ አበባ ከወጡ ብዙ ዘመን የሆናቸው፣ ዙሪክ ዳር አድሊስቪል የሚኖሩ፣ ለሆስፒታልና ለትምህርት ቤት በስልክ የሚያስተረጉሙ እናት ናቸው። አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ እሳቸው ቤት ሳይበላ አያልፍም። እኔንም ከመጠለያው ወስደው፣ ማመልከቻ አጽፈው፣ ለቃለ መጠይቁ ባቡር ድረስ ሸኝተውኛል። «አንገትሽን ቀና አድርጊ፤ የሰው ቤት አልሰረቅሽ» አሉኝ መድረኩ ላይ። ባቡሩ እስኪሄድ ቆመው እጃቸውን ያወዛውዙ ነበር።

ዓመት ሳይሞላኝ ድሪታ ወደ ማሞቂያ ማጽጃ ክፍል አዛወረችኝ። አንድ ሕፃን ወደ ቤቱ ሲሄድ ማሞቂያው ወደ እኛ ይመጣል። ፍራሹን አወጣለሁ፤ በእጅ ማስገቢያዎቹ ዙሪያ ያለውን ጎማ እፈታለሁ፤ የውኃ ማጠራቀሚያውን ደፍቼ ለብቻ አጥባለሁ። ከዚያ ፀረ ተሕዋስያኑን ቀብቼ እጠብቃለሁ። ሥራው ያለው መጠበቁ ላይ ነው። መድኃኒቱ ጊዜው ሳይደርስ የተጠረገ ማሞቂያ እንዳልታጠበ ይቆጠራል። መጀመሪያ ሰሞን መቆሜ ያሳፍረኝ ስለነበር በየመሃሉ መስኮት እወለውል ነበር። ድሪታ አይታኝ ሳቀች።

«ሜሲ፣ መስኮቱ ምን አደረገሽ? ቁሚ። ለመቆም ነው የሚከፈልሽ።»

ከዚያ ኮሮና መጣ። አፍንጫና አፋችንን ሸፈንን፤ ወላጆች አንድ በአንድ ብቻ እንዲገቡ ሆነ፤ አያትና እህት ወንድም ከበር ተመለሱ። አስተርጓሚዎችም በአካል መምጣት ቀርቶባቸው በስልክ ብቻ ይሠሩ ጀመር። የጽዳት ሰው ስላነሰ እኔም ከማሞቂያው ሥራ ጎን የሕፃናቱን ክፍል እንደገና አጸዳ ጀመር።

በዚያ ሰሞን የእትዬ አስቴር እናት አዲስ አበባ ላይ አረፉ። በረራ የለም፤ ቀብር መድረስ የማይቻል ሆነ። መርዶውን የነገሯቸው ሁለት ሽማግሌዎች በጠዋት በር አንኳኩተው ነው። መሰባሰብ ተከልክሎ ነበር፤ ሁላችንም እናውቃለን። ግን እናቷን ያልቀበረች ሴት ብቻዋን ትቀመጥ? «ተራ በተራ እንግባ» ተባባልን። የመጀመሪያዎቹ ገቡና መውጣት ነውር መሰላቸው፤ ሁለተኛዎቹም ገቡ። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ አልቅሼ ተመለስኩ፤ ያዳነኝ ጥንቃቄዬ ሳይሆን ሰው ሲበዛ የመሸሽ ልማዴ ነው። ውስጥ ከነበሩት አብዛኞቹ በሳምንቱ ሳሉ። ሁሉም «ጉንፋን ነው» አለ። ያንን ስም ማንም አላነሣም፤ ለቅሶ ቤት በሽታ አመጣ አይባልም።

ሰብለ የምትባል፣ ዙሪክ አቅራቢያ ቪንተርቱር የምትኖር ነፍሰ ጡርም ለቅሶው ላይ ነበረች። እኔ ያን ጊዜ በደንብ አላውቃትም። ያወቅኳት ከሳምንታት በኋላ፣ ቀኗ ሳይደርስ ወልዳ ልጇ እኛ ክፍል ስትገባ ነው። ለመውለድ ስትገባ ተመርምራ ነፃ ነበረች። ልጅቷም መጀመሪያ ደህና ነበረች፤ ትንሽ፣ ፀጉረ ብዙ፣ ስታዛጋ ፊቷ በሙሉ አፍ የሚሆን።

«አንቺ ያገሬ ልጅ አይደለሽም?» አለችኝ ሰብለ፣ ወለል ስወለውል።

«ነኝ።»

«ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ወለሉን ስታዪ እኔ ከወለሉ አላምርም?»

ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ስገባ ሰላም እላት ጀመር። ልጅቷን «እመቤት» ትላት ነበር፤ ስም ገና አልወጣላትም።

አንድ ማለዳ ስገባ የክፍሉ አየር ተለውጧል። ነርሶቹ በፍጥነት ይራመዳሉ፤ ማሽኑ ይጮሃል። እመቤት ትኩሳት ይዟታል፤ ወተት አልወስድ ብላለች፤ ሰውነቷ ላይ ሽፍታ ወጥቷል፤ ልቧም አመታቱ ተዛብቷል። ሐኪሞቹ የባክቴሪያ መድኃኒት ጀመሩላት። በማግስቱም ያው ነበረች፤ እንዲያውም ባሰባት። የኮሮና ምርመራ አደረጉላት፤ የለባትም።

እኔ ማእዘኑ ላይ የእጅ ማጽጃ ጠርሙስ እየሞላሁ ነው። ዶክተሯ ሰብለ ጎን ተቀምጣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። ከስልኩ የወጣውን ድምፅ በመጀመሪያው ቃል አወቅኩት። እትዬ አስቴር ነበሩ።

«ወይዘሮ ሰብለ፣ ዶክተሯ የምትለው» አሉ እትዬ አስቴር በዚያ በተረጋጋ የሥራ ድምፃቸው፣ «በእርግዝናሽ ወቅት፣ በተለይ መጨረሻ ላይ፣ ኮሮና ይዞሽ ያውቃል? ወይም ትኩሳት፣ ሳል፣ የሽታ መጥፋት?»

ሰብለ ስልኩን አየች። ከዚያ እጆቿን አየች።

«የለም» አለች። «ደህና ነበርኩ።»

«ምንም?»

«ምንም እትዬ። እግዚአብሔር ይመስገን።»

ዶክተሯ አመስግና ስልኩን ዘጋችና ወጣች። ሰብለ ወደ ኮሪደሩ ተከተለችኝ። የጽዳት ጋሪዬን ይዛ ቆመች።

«ሰማሽ?»

ጨርቄን ጋሪው ላይ አስቀመጥኩ።

«ይዞኝ ነበር» አለች። «ከለቅሶው በኋላ። ሽንኩርት ስከትፍ እንባዬ ይወርዳል፣ ሽታው ግን የለም። ባሌም ያውቃል። ግን እንዴት ብዬ በሳቸው ጆሮ? እናታቸውን ያልቀበሩ ሴት ናቸው። ‹የእናትዎ ለቅሶ ልጄን አሳመመ› ልበላቸው? እሳቸው ደግሞ በገዛ አፋቸው ለሐኪሟ ይተርጉሙት?»

«ንገሪያት» አልኩ። ድምፄ ከጭምብሉ አላለፈም መሰለኝ፤ ደገምኩት። «እህቴ፣ ለዶክተሯ ንገሪያት።»

«በምን ቋንቋ? አንቺ ንገሪልኝ።»

«ጀርመንኛዬ የጽዳት ጀርመንኛ ነው። ብሳሳትስ?»

«ደግሞ ምን ይለወጣል? ምርመራው ነፃ ናት ብሏል» አለችና ፊቷን ሸፈነች። ወደ ልጇ ተመለሰች።

ጋሪዬን እየገፋሁ ወደ ድሪታ ሄድኩ። ቡና መጠጫው ክፍል ብቻዋን ዳቦ ትበላ ነበር። ቆምኩ። መናገር ሲያቅተኝ ታውቀዋለች፤ ወንበር በእግሯ ገፋችልኝ።

«ወሬ ይዘሽ አትወጪም ብለሽኛል» አልኳት። «አንድ እናት ነገረችኝ። ለሐኪም መንገር ያለባት ነገር ነው። በአስተርጓሚዋ ምክንያት አትናገርም።»

«ምን እንደሆነ አትንገሪኝ» አለች ድሪታ ወዲያው፣ ዳቦዋን አስቀምጣ። «ነገሩ የሷ ነው። ግን አስተርጓሚ መለወጥ ሚስጥር ነው እንዴ? እሱን መናገር ትችያለሽ።»

ከባዱም እሱ ነበር። እትዬ አስቴርን ከዚያ ስልክ ማንሣት ማለት ከእንጀራ ያገናኙኝን ሴት «አይሆኑም» ማለት ነው። አገር ምድሩ ሲሰማ «ያስቀጠሯትን አስነሣች» ሊል ነው። ደግሞስ ማንን ላናግር? ለዋና ነርሷ፣ ለፍራው (ወይዘሮ) ኬለር፣ ከ«ደህና ዋሉ» ሌላ ተናግሬ አላውቅም።

«አብሬሽ ልምጣ?» አለች ድሪታ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

«አፌን ግን አልከፍትም። አንቺ ነሽ የምትናገሪው። እኔ ግድግዳ ነኝ።»

ፍራው ኬለር ከዶክተሯ ጋር ቆማ ወረቀት ታያለች። ድሪታ ከኋላዬ እንደ ቁምሳጥን ቆመች። በጀርመንኛ ስደጋግመው የመጣሁት ሁሉ ጠፋኝ።

«የሰብለ አስተርጓሚ» አልኩ። «ሌላ ሰው። እባካችሁ። ሩቅ ያለ።»

ዶክተሯ ቀና አለች። «ሴትዮዋ ጎበዝ ናት እኮ። ችግር አለ?»

«ጎበዝ ናቸው። በጣም ጥሩ ሰው ናቸው» አልኩ። እንባዬ መጣ። «ይተዋወቃሉ። እኛ ዙሪክ ያለን ሁላችን እንተዋወቃለን።»

ፍራው ኬለር አንዴ አየችኝ። «አንቺ ልትተረጉሚ ትችያለሽ?»

«አልችልም። ይሄ የልጅ ሕይወት ነው።»

ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ለምን፣ ምን ሰማሽ አላለችም። ስልኩን አነሣችና «አማርኛ፣ ግን ከዙሪክ ውጭ። ከጄኔቫ ካለ ከጄኔቫ» አለች። ዛሬም አመሰግናታለሁ። አንድ ጥያቄ ብትጨምር ኖሮ ወይ እዋሻለሁ፣ ወይ የሰብለን ነገር አወጣለሁ።

ከጄኔቫ የተገኙት ሰው የሽማግሌ ድምፅ ነበራቸው። እኔ ክፍሉ ውስጥ አልነበርኩም፤ የሆነውን ሰብለ ናት ያጫወተችኝ። መጀመሪያ «እመቤቴ፣ እኔ አላውቅዎትም፤ እርስዎም አያውቁኝም። የሚሉትን እተረጉማለሁ፤ ከዚያ ስልኩን እዘጋለሁ» አሏት። አልቅሳ ነገረቻቸው። ሳሉን፣ ትኩሳቱን፣ ሽታው የጠፋውን ሽንኩርት፣ ከመውለዷ ስንት ሳምንት በፊት እንደነበር። ለቅሶውን ግን አላነሣችም። ማንም አልጠየቃትም፤ ሐኪሟ የፈለገችው የት እንደያዛት ሳይሆን መቼ እንደያዛት ነበር።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ፍራው ኬለር በኋላ በቀላል ቋንቋ አስረድታኛለች። ቫይረሱ ልጅቷ ላይ የለም። እናትየዋ ስትታመም ሰውነቷ ያዘጋጀው መከላከያ በእትብት በኩል ወደ ልጅቷ አልፏል። ለብዙ ሕፃናት ያ ደግ ነገር ነው። በጣም ጥቂቶቹ ላይ ግን፣ ለምን እንደሆነ ገና በደንብ ሳይታወቅ፣ የጨቅላው ሰውነት በራሱ ላይ ይቆጣል፤ ብግነቱ ልብንም ይነካል። በሽታው ያኔ አዲስ ነበር። የባክቴሪያ ኢንፌክሽንም ስለሚመስል ያንን መጀመሪያ ማከም ነበረባቸው። ዶክተሯ ነገሩን ጠርጥራ ነው የጠየቀችው፤ የሰብለ «የለም» ግን ሐሳቧን ወደ ሌላ ምርመራ መልሶት ነበር። «ይዋል ይደር እንጂ እንደርስበት ነበር» አለችኝ ፍራው ኬለር። «ግን ልቧ ያን ያህል ጊዜ አልነበረውም ይሆናል።»

ያንኑ ዕለት የሁለቱንም ደም ወሰዱ፤ የእናትየዋ ሕመም ምልክት በልጅቷም ደም ውስጥ ተገኘ። ከብዙ ጤነኞች ደም የተጣራ መድኃኒት በሥሯ ቀስ እያለ ገባ፤ መቆጣቱን የሚያበርድ ስቴሮይድም ተጨመረላት። እኔ የማውቀው ከውጭ የሚታየውን ነው። የልብ መመልከቻ ማሽኑ ሲገባና ሲወጣ መንኮራኩሩን እጠርግ ነበር። የሰብለ ባል ከታች አደባባዩ ላይ ቆሞ መስኮት ይቆጥራል፤ አንድ በአንድ ነው የሚገባው። ተራው ሲደርስ ጃኬቱን አውልቆ ሳይጨርስ ይሮጣል። «ቀስ በል፣ ወለሉ እርጥብ ነው!» ብዬ ጮህኩበት አንድ ቀን፤ ድሪታ ሰምታ ለሳምንት አወራችው። «ሜሲ ጮኸች! ቀኑን መዝግቡልኝ!»

ትኩሳቱ ወረደ። ቀጥሎ ሽፍታው ደበዘዘ። የልቧ አመታት ግን ቶሎ አልተስተካከለም፤ ሰብለ ከማሽኑ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ብዙ ቀን ተቀመጠች። አንድ ጠዋት ስገባ እመቤትን ጡት ላይ አገኘኋት። ሰብለ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በይ አለችኝ፤ ለእኔ! ሁለታችንም ሳቃችንን ዋጥነው።

ወደ ቤት የሄዱ ቀን ማሞቂያው ወደ እኔ ክፍል መጣ። ጎማውን ፈታሁ፣ ውኃውን ደፋሁ፣ መድኃኒቱን ቀብቼ ቆምኩ። ያን ቀን መቆም አላሳፈረኝም።

የቀረኝ ሥጋት እትዬ አስቴር ነበሩ። ከዚያ ስልክ ለምን እንደተነሡ ማንም አልነገራቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። የሰሙትንም ለማንም አላወሩም፤ የሥራቸው ደንብ ነው። እኔ ግን ቤታቸው መሄድ አቆምኩ። የነገረቻቸው ሰብለ ራሷ ናት። በክርስትናው ዕለት፣ ሰው ቀለል ባለበት፣ እትዬ አስቴር ልጅቷን ታቅፈው ሳለ። እኔ ሳህን እየሰበሰብኩ ነበር፤ ሰማሁ።

«እትዬ፣ ያኔ በስልክ ዋሽቼዎታለሁ» አለች ሰብለ። «ይዞኝ ነበር። እርስዎ ቤት የመጣሁ ጊዜ ነው። እንዴት ብዬ በጆሮዎ እናገራለሁ?»

እትዬ አስቴር ልጅቷን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ልጅቷ ነጠላቸውን ትስብ ነበር።

«ምነው ልጄ» አሉ። «የእኔ እናት አርፋለች። ከእንግዲህ የሚጎዳት ነገር የለም። ይቺን ትተሽ የኔን ሐዘን ታስታምሚያለሽ?» ከዚያ ቀና ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ያስነሣሽኝ አንቺ ነሽ አይደል?»

ሳህኑን አስቀመጥኩ። «አዎ እትዬ።»

«ያኔ ባቡር ጣቢያ አንገትሽን ቀና አድርጊ ስልሽ እኔን አስነሺበት ማለቴ አልነበረም» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ደግ አደረግሽ። አሁን ነይና ልጅቷን ተቀበይኝ፤ ክንዴ ዛለ።»

ከዚያ በኋላ ማስተርጎም ሲጀምሩ ለሐኪሙ የሚሉት አንድ ዓረፍተ ነገር እንደጨመሩ ነገሩኝ፦ «ሕመምተኛዋ ሌላ አስተርጓሚ ከመረጠች አልቀየምም፤ ይህንን ራሴ በአማርኛ ልንገራት።» ይናገራሉ፤ ቀጥሎ ወደ ሥራቸው ይገባሉ።

አሁን ጄኔቫ ነኝ። አግብቼ ከባለቤቴ ጋር ግራንድ ሳኮኔ እንኖራለን፤ በአውቶቡስ ወደ ሌላ ሆስፒታል እሄዳለሁ፤ እዚያም የማጸዳው ማሞቂያ ነው። ጀርመንኛው ቀርቶ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ የጨርቁ ቀለም ግን ያው ነው። የአሁኗ አለቃዬ ለአዲስ ገቢዎች ከሥራዬ አንድ ነገር እንድነግራቸው ጠየቀችኝ። ፊታቸው ቆምኩና ስለ ጨርቅ ማጠፍ ብቻ ተናግሬ ተቀመጥኩ። ከመካከላቸው ሁለቱ ያገሬ ልጆች ነበሩ፤ ለእነሱና ለመሰሎቻቸው የቀረውን በጽሑፍ ይኸው ብያለሁ።

ሕመምተኛ «የለም» ሲል ክፍሉ ውስጥና ስልኩ ላይ ማን እንዳለ ተመልከቱ። የሚያውቀው ሰው ካለ ለነርሷ ንገሩ። ምክንያቱን መናገር የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ሌላ አስተርጓሚ እንዲመጣ መጠየቅ ይበቃል።